በሩ ላይ ቆመን «ስንት ነው የምትፈልጉት?» ሲሉን መልስ አጣን

ኦቨርሎክ_ቱሉዲምቱ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ኦቨርሎክ ማሽን ላይ፣ የጨርቅ ጠርዝ በሚሰፋው፣ አራት ዓመት ሆነኝ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፤ የብዙ ልጆች እንጀራ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሰርቪስ ወርደን ወደ ግቢ ሳንገባ ቀረን። ያደራጀን ሰው የለም። ደመወዝ የገባው ሌሊቱን ነው። የባንኩን መልእክት ያየነው እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው። የምሳ አበሉ የለም። ባለፈው ወር «ይጨመርላችኋል» የተባልነው እኮ እሱን ነበር። አንዷ ስልኳን አጠገቧ ላለችው አሳየች፤ እሷም ከኋላዋ ላለችው። ሌላ ቀን ጠዋት የሚተኛው ይተኛል፣ የሚያወራው ያወራል። ያን ቀን ማንም አልተኛም፣ ማንም አላወራም።

በሩ ጋ ቀድመው የወረዱት ቆሙ። እኛም ከኋላቸው ቆምን። የሌሎቹ ሰርቪሶች ሰዎች ሲጨመሩ ሁለት መቶ ሳንሆን አንቀርም። ከዚያ ጩኸት ተጀመረ። «ኑሮ ከበደን!» «እኛም ሰው ነን!» ከመካከላችን አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ጥበቃው የራሱን ወንበር አውጥቶ ሰጣት።

ወደ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ከአስተርጓሚው ጋር ወጣ። ስድብ ጠብቄ ነበር። አልተሳደበም። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እሺ፣ ስንት ነው የምትፈልጉት?»

ዝም አልን። ከዚያ ሁሉም የየራሱን መናገር ጀመረ። አንዷ አምስት ሺህ አለች። አንዱ አበሉ ይመለስ አለ። ሌላዋ ታርጌቱ ይቀነስ፣ ሽንት ቤት ስንሄድም ሰዓት አይያዝብን አለች። አስተርጓሚው የቱን እንደሚተረጉም ግራ ገባው። ሥራ አስኪያጁ «ተስማምታችሁ ኑ» ብሎ ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ላይ አንገታችንን ደፍተን ገባን። የግማሽ ቀኑ ይቆረጣል ተብለናል።

የእኔን ሒሳብ ልንገራችሁ። ጥቅል ደመወዜ 3,600 ብር ነው። ግብር 240፣ ጡረታ 252 ይቆረጣል። እጄ የሚገባው 3,108 ነው። አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተናል፣ 4,500 ብር። ድርሻዬ 1,500። የሚተርፈኝ 1,608 ብር ነው። በር ላይ ምሳ 60 ብር ነው፤ 26 የሥራ ቀን ሲባዛ 1,560። እንግዲህ 48 ብር ቀረች። እራቱስ? ሳሙናው፣ ሞዴሱ፣ ካርዱ? ለእናቴ የምልከውስ? ለዚህ ነው ኦቨርታይም ሲባል እጃችንን ቀድመን የምናወጣው።

ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አራት ዓመት ሙሉ «አይበቃም» ስል ኖሬ፣ ስንት እንደሚበቃ አስቤ አላውቅም። ምን እንጠይቅ? እንዴትስ እንጠይቅ? የምታውቁ ንገሩን።

የገላን_ሹፌር

እኔ ሰርቪስ ነጂ ነኝ፣ የሌላ ድርጅት። ከሌሊቱ አሥር ተኩል ጀምሬ ልጆች እሰበስባለሁ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ፊታቸውን በመስታወት አያለሁ። አልቅሰው የሚወርዱ አሉ። እናንተ ቆማችሁ መናገራችሁ ትልቅ ነገር ነው። አንገት መድፋት አያስፈልግም።

ደብተር_ያዥዋ

እህቴ፣ እኔ ቃሊቲ በኩል ፋብሪካ በር ላይ ሻይና ምሳ እሸጣለሁ። ስድስት ዓመቴ ነው። ዱቤ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ልጆቹ በስም አይደለም የተጻፉት፣ በሚሠሩበት ረድፍ፣ በላይናቸው ነው። «ላይን 4 ቀጭኗ»፣ «ፓኪንግ ጸጉረ ረጅሟ»።

የድሮውን ደብተር ከአዲሱ ጋር ሳስተያይ የታየኝን ልንገርሽ። ድሮ የሚጻፈው ሻይና ቦምቦሊኖ ነበር። ምሳ በእጃቸው ይከፍሉ ነበር። አሁን ምሳውም ዱቤ ነው። ከዓመት ወዲህ ደግሞ አንድ አዲስ ቃል ገብቷል፤ «ግማሽ»። ሁለት ሆነው አንድ ሽሮ ያዛሉ፣ እኔም በየስማቸው «ግማሽ» እላለሁ። ባለፈው ወር ከሙሉው ግማሹ በዝቶ አገኘሁት። እንጀራ እጨምርላቸዋለሁ፤ እኔም ልጆች ስላሉኝ ከዚያ አላልፍም።

ስንት ይበቃል ላልሽው፣ ደብተር ያዙ። ሁላችሁም አንድ ወር የበላችሁትን ጻፉ።

ሒሳብ_ክፍል

ሰላም እህቴ። እኔ በዚሁ ዘርፍ ፔይሮል እሠራለሁ። የኛን ሥራ አስኪያጆች የሚያናድድ ነገር ልጽፍ ነው፣ ግን እውነቱ ይነገር።

መጀመሪያ የግብሩን ነገር። አሰላልሽ ልክ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም። ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ነው። በፊት ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ጥሩ ለውጥ ነው፣ ግን የእናንተን ችግር አይፈታም።

ዋናው ነገር ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ130 በላይ ነው። 3,600 ብር ያኔ 63 ዶላር ነበር። ዛሬ 28 አይሞላም። ወደ ውጭ የሚላከው ሸሚዝ የሚሸጠው በዶላር ነው። እናንተ የሚከፈላችሁ በብር ነው። ስለዚህ የእጃችሁ ዋጋ ለድርጅቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ድርጅቶቹ «ጨርቁም፣ ክሩም፣ ዚፑም ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው» ይላሉ። ልክ ነው። በዶላር የሚገዛው ነገር ግን በዶላር ነው የሚሸጠውም። በዶላር ሲሰላ የቀነሰው የደመወዙ ወጪ ነው። ያ ልዩነት የት ሄደ? ከፊሉን የውጭ ገዢዎቹ «ዋጋ ቀንሱልን» ብለው ወስደውታል። ከፊሉ ትርፍ ሆኗል። ሠራተኛው ጋ የደረሰ ግን አላየሁም። እኔ ነኝ ደመወዙን የማዘጋጀው፤ ቢደርስ አየው ነበር።

ግንቦት 2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነው ብሎ ነበር። ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው አለ። ያኔ አፍረን ነበር። አሁን የአራት ዓመት ልምድ ያላት ኦፕሬተር 28 ዶላር አታገኝም።

ሥራ_ያጣሁ

ይቅርታ፣ ሌላውንም ጎን እናንሳ። አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚሸጥበት ዕድል፣ ስታወጣ እኔ የነበርኩበት ፋብሪካ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ከዚያ ዘጋ። አሁን የቀን ሥራ ነው የምሠራው፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ኮንስትራክሽን ላይ። አሸዋ መሸከም። እጄ ተላጠ። ጠይቁ፣ ግን ፋብሪካው ቢሄድስ? ይህን ፈርቼ ነው የምለው እንጂ ለባለሀብቱ አዝኜ አይደለም።

ኦቨርሎክ_ቱሉዲምቱ

ወንድሜ፣ ፍርሃትህ የኛም ነው። ባለፈው በሩ ላይ ከቆሙት ሁሉ አንድም «ይዘጋ» ያለ የለም። እኔ ማሽኔን እወደዋለሁ። ሲበላሽ ድምፁን ሰምቼ መካኒኩን ቀድሜ እጠራለሁ። ግን እየሠራሁ ከተራብኩ ምኑን ሥራ ሆነ?

@ሒሳብ_ክፍል ያሉኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ለልጆቹ በቃሌ ላስረዳቸው እችላለሁ? ወይስ እርስዎን ያስጠይቅዎታል?

ሒሳብ_ክፍል

የምንዛሪው ዋጋ በየባንኩ በር ላይ የተለጠፈ ነው፣ ምስጢር የለውም። ንገሪያቸው። የኔን ስም ብቻ አታንሺ።

ጡረተኛ_ከአቃቂ

ልጄ፣ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

በ1966 አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር እሰበስብ ነበር። መጀመሪያ የቆሙት ታክሲዎች ናቸው። ነዳጅ ተወደደ ብለው የካቲት 11 ቀን አቆሙ። ከእነሱ በኋላ ከተማው አልተረጋጋም። ከዚያ የሠራተኛ ማኅበሩ የካቲት 28 ቀን አገር አቀፍ አድማ ጠራ። ያን ቀን ጠዋት የማስታውሰው ዝምታውን ነው። እኛ ሰፈር ሰዓት አይታይም ነበር፤ የፋብሪካ ጡሩንባ ነበር ሰዓታችን። ጡሩንባው ቀረ። እናቴ ተኝቼ ረፈደብኝ ብላ ደነገጠች።

አራት ቀን ቆየ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን» የሚል ነበር። ይሄው ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንቺም የምትጠይቂው እሱን ነው። አገሩ ስንት ጊዜ ተገለባበጠ፣ ያ ጥያቄ ግን እዚያው ነው። እኔ ያንን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

አንድ ምክር አለኝ። ያኔ ከእኛ የሚበልጡት ሰዎች «ቁጥርህን ከመቀመጥህ በፊት ራስህ አታውርደው» ይሉን ነበር። አሠሪው ያወርድልሃል፤ አንተ አትርዳው።

ፓርኪንግ_የነበርኩ

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። ያሁኑ ሥራዬ ሌላ ነው። በ2004 መስከረም ግን ኒውዮርክ ታችኛው ማንሃታን ፓርኪንግ እሠራ ነበር፣ ከዙኮቲ ፓርክ ብዙም አይርቅም። ኦኪዩፓይ ዎል ስትሪት የተባለው የጀመረው እዚያ ነው፣ መስከረም 6 ቀን። የእኔ ሺፍት የሌሊት ስለነበር ከሥራ ስወጣ እያለፍኩ አያቸው ነበር።

የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ድምፅ ማጉያ ተከልክለው ነበር። ታዲያ አንድ ሰው ሲናገር አጠገቡ ያሉት ያለውን ጮክ ብለው ይደግሙታል። ከኋላ ያሉት ደግሞ እነሱን ሰምተው ይደግማሉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ተደግማ መንገድ ዳር እኔ ጋ ትደርሳለች። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፤ በሦስተኛው ግን ሁሌም ይገባኝ ነበር። «እኛ 99 በመቶዎቹ ነን» የሚለውን እንዲያ ነው የተማርኩት። ሀብቱ አንድ በመቶ ሰው ጋ ተከምሯል ማለታቸው ነው። ባንኮቹ በመንግሥት ገንዘብ ሲድኑ ቤቱን ያጣው ሕዝብ ግን ማንም አላዳነውም ነበር።

ኅዳር 5 ቀን ሌሊት ፖሊስ ጠረጋቸው። ድንኳኑ፣ መጻሕፍቱ፣ ሁሉም በቆሻሻ መኪና ተጫነ። «ዝርዝር ጥያቄ የላቸውም» ተብለው ብዙ ተተችተዋል። ያች 99 የምትል ቃል ግን ዓለምን ዞረች፤ ይሄው እኔ ዛሬ ለአንቺ እጽፋታለሁ።

ከእነሱ ቀጥሎ የመጡት ናቸው ይበልጥ አንቺን የሚመስሉሽ። ኅዳር 20 ቀን 2005 የኒውዮርክ በርገርና ዶሮ ቤት ሠራተኞች ሥራ ጥለው ወጡ። ከማኅበር መብት ጋር የያዙት አንድ ቁጥር ነበር፤ በሰዓት 15 ዶላር። ያኔ ብዙዎቹ የሚያገኙት ግማሹን ነው። ሰው ሁሉ «የማይሆን ነገር» አለ። ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ በፈረንጆች 2016፣ የኒውዮርክ ክልል 15ን ሕግ አደረገው። የፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ግን ከፈረንጆች 2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ እንደቆመ ነው። ቁጥር ይዘው በየዓመቱ የወጡበት ቦታ ተለወጠ።

እህቴ፣ ሥራ አስኪያጁ የጠየቃችሁን ጥያቄ መልሱለት። አንድ ቁጥር።

ኮዬ_የሕግ_ተማሪ

እኔም ትንሽ ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። አዋጁ ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮም በየሜይ ዴዩ ይህን እያነሳ ነው። የግሉን ዘርፍ ሁሉ የሚገዛ ወለል ግን እስካሁን የለንም። ስለዚህ 3,600 መክፈል ሕግ መጣስ አይደለም። ይህ ነው የሚያንገበግበው።

ባንግላዴሽ የደመወዝ ቦርድ አላት። ያም ሆኖ ቦርዱን የሚያንቀሳቅሰው ጎዳናው ነው። በፈረንጆች 2023 ልብስ ሰፊዎቹ ከ8,000 ወደ 23,000 ታካ ይደግልን ብለው ወጡ። የሞቱም አሉ። ቦርዱ 12,500 ወሰነ። የጠየቁትን አላገኙም፣ የነበሩበት ግን አልቀሩም።

ወደ እናንተ ስንመጣ፣ በሥርዓት እንሂድ። በአንድ ድርጅት ውስጥ አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የማኅበር አባል ስለሆናችሁ ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ ስላቀረባችሁ ማባረር በአንቀጽ 26 ተከልክሏል። ሥራ ማቆም መብት ነው፣ ግን ለአሠሪውና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ከአሥር ቀን በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል። የባለፈው ሐሙስ ዓይነት ድንገተኛ ነገር ለነሱ ሰበብ ይሰጣል። ኦቨርታይሙንም እዩት፦ በአዘቦት ቀን አንድ ከግማሽ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አንድ ከሦስት ሩብ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ አይችልም።

አደባባይ መውጣት ካሰባችሁ ደግሞ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አለ፤ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። ለየትኛው አስተዳደር የሚለውን አስቡበት። ፋብሪካችሁ የት ነው? አዲስ አበባ ወይስ ሸገር ከተማ?

ኦቨርሎክ_ቱሉዲምቱ

ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ነው፣ አዲስ አበባ። ፋብሪካው ገላን በኩል ነው፣ ሸገር። መንገዱ አንድ ነው፤ ሰርቪሱ ድንበሩን ሲያልፍ እንኳን አይታወቀንም። ቅሬታ ስንወስድ ግን ይታወቀናል። አንዴ ስለ ኪራይ አንዱ ጋ ሄደን ስለ ሥራው ስናነሳ «ወደዚያኛው ሂዱ» ተባልን። ያኛው ደግሞ «መታወቂያችሁ የዚያ ነው» አለን። ከዚያ ተውነው።

ኮዬ_የሕግ_ተማሪ

የሥራው ጉዳይ ድርጅቱ ባለበት ነው የሚታየው። እንግዲህ ሸገር ነው። መታወቂያችሁ የትም ይሁን። ይህን ብለው ከመለሷችሁ በጽሑፍ ስጡን በሏቸው።

ኦቨርሎክ_ቱሉዲምቱ

ትናንት እሑድ እኛ ክፍል ተሰበሰብን። 23 ሰው። አልጋውን አውጥተን ግድግዳው ላይ አቆምነው። ጫማ በሩ ላይ ተከመረ፣ አከራያችን ልቅሶ ነው ወይ ብላ መጣች።

የደብተር ያዥዋን ምክር ነው የተከተልነው። ወር አልጠበቅንም፤ ያለፈውን ሳምንት ከትዝታ ጻፍንና አማካዩን አወጣን። ኪራይ ድርሻ 1,500። የሥራ ቀን ምሳ 1,560፣ የእሑድ ምሳ 240። ቁርስና እራት በቀን 70፣ በወር 2,100። ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ካርድ 450። ለሕክምናና ለመንገድ 300። ለቤተሰብ 800። ድምሩ 6,950 ብር ወጣ። ልብስ የለበትም። ትምህርት የለበትም። ሦስት ሆነን አንድ ክፍል እየተኛን ማለት ነው።

ይሄ እጅ የሚገባ ነው። ጥቅሉ ስንት እንደሚሆን አላወቅንም። @ሒሳብ_ክፍል ይርዱን።

ሒሳብ_ክፍል

9,000 ጻፉ። ግብሩ 1,400፣ ጡረታው 630 ነው። እጃችሁ 6,970 ይገባል። ወረቀቱ ላይ «ጥቅል» የሚለውን ቃል እንዳትረሱ፤ ካልጻፋችሁት በእሱ ይጫወቱባችኋል።

ሥራ_ያጣሁ

9,000? ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። እውነት ይሰጧችኋል?

ኦቨርሎክ_ቱሉዲምቱ

እኛም ተከራክረንበታል። ግማሾቹ 6,000 እንበል፣ ያስቆጣቸዋል አሉ። የጡረተኛውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የፓርኪንጉን ወንድምም። ከዚያ እጅ አወጣን። ለ9,000 አሥራ አራት፣ ለ6,000 ዘጠኝ። ዘጠኙም ፈረሙ።

ለማኅበሩ ምሥረታም ስማችንን ጻፍን። ደብዳቤው ላይ ሌላም ሁለት ነገር አለ፤ የምሳ አበሉ ይመለስ፣ ሽንት ቤት ላይ ሰዓት መያዝ ይቅር። ረቡዕ እንሰጣለን። የፈረሙበት ቅጂ ካልሰጡን አንወጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝርዝሩን ስንጽፍ ያቺ ነፍሰ ጡሯ ብዕሩን ተቀብላ «ወተት፣ በቀን ግማሽ ሊትር» ብላ ጻፈች። ከዚያ ድምሩን አየችና ራሷ ሰረዘችው። አጠገቧ የነበረችው ልጅ ወረቀቱን ወስዳ ከሥሩ እንደገና ጻፈችው።

ጡረተኛ_ከአቃቂ

ረቡዕ ከስንት ሰዓት ነው? እኔም በሩ ጋ እመጣለሁ። ከዘራ ይዣለሁ፣ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።

ኦቨርሎክ_ቱሉዲምቱ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ። ጥበቃው ወንበር አለው፣ እነግረዋለሁ።